አቀርቅራ ያየችው ሰው

ሞያሌ ላይ ልጅቷ ሳትዳር ፎቶዋ ይዳራል። ቀድሟት አውቶቡስ ተሳፍሮ ናይሮቢ ይገባል፣ እዚያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ አይታቸው የማታውቃቸው ሴቶች አፍንጫዋን ይተቻሉ፣ ከዚያ ወይ የምስራች ወይ ዝምታ ይመለሳል። ዛሬ ዛሬማ አውቶቡሱም ቀርቶ ሁሉ ነገር በስልክ ሆኗል። የስልክ ነገር ደግሞ ይታወቃል። የጎረቤት ልጅ የጃለቱ ፎቶ አምና ለእጮኛዋ ተብሎ ተልኮ፣ እጮኛው ገና ሳያየው የከተማው የቦዳ ቦዳ ነጂ ሁሉ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ አይቶት ነበር። ጃለቱ ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም።

ሐጂ መሐዲ ይህን አልረሱም። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ስማቸው የተከበረ የጨርቅና የከብት ነጋዴ ናቸው። ለአንዲት ልጃቸው ለዐፋፍ ከናይሮቢ፣ ሰሊም ከሚባል ባለሱቅ ዘንድ ጥያቄ በመጣ ጊዜ፣ ስለ ጥሎሹም ስለ ምኑም ሳያነሱ መጀመሪያ የተናገሩት አንድ ነገር ነው።

"ልጄ በስልክ አትነሳም።"

ይህ ማለት እንግዲህ ሙሐረም ዘንድ ትሂድ ማለት ነው።

ሙሐረም የስደተኛ ልጅ ነው። አባቱ ከኢትዮጵያ ሸሽተው መጥተው፣ ለሰው የመታወቂያ ፎቶ እያነሱ ነው ያሳደጉት። እሱም ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ካሜራ በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ዘመን፣ የሞቱ የፊልም ካሜራዎችን ከየትም እየለቀመ፣ በሰዓት ሠሪ ጉጠት ፈቶ እየገጠመ ነፍስ ይዘራባቸዋል። ሰው ስቆበት ነበር። በኋላ ግን የሴት ልጆቻቸው ፊት በየስልኩ እንዳይዞር የሚፈሩ አባቶች አንድ በአንድ ወደ እሱ መጡ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ፊልሙን ያጥባል፣ ያትማል፣ ከዚያ ፊልሙን ሳይቆርጥ፣ እንዳለ ጠቅልሎ፣ ለቤተሰቡ በእጁ ያስረክባል። ለራሱ አንዲት አያስቀርም። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ቁጥር ስላለ አንዲት ብትጎድል ማንም ያውቃል። እስከ ዳበልና እስከ ጎልቦ ድረስ ለሠርግ የሚጠሩት በዚህች ደንቡ ነው።

ዐፋፍ ከዚያ በፊት በምትሸጥበት በአባቷ የጨርቅ ሱቅ በኩል ታውቀው ነበር። ጥቁር ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ፣ ያወረደችለትን ሁሉ ወደ ፀሐይ እየዘረጋ፣ ብርሃን ያሳልፋል አያሳልፍም እያለ ከምሳ ሰዓት በላይ አቁሟታል። መናደድ ነበረባት። እሷ ግን እሱ ከሄደ በኋላ "ይሄ ሰውዬ ብርሃን ምን አድርጎት ነው?" እያለች ሳምንት ሙሉ ስታስብ ከረመች።

አክስቷን ካልቶማን ይዛ ፎቶ ቤቱ ስትገባ ግን ፊቷ ላይ ያለው ኩርፊያ ብቻ ነበር። ሰሊምን አይታው አታውቅም። የምታውቀው አክስቷ ደጋግማ የነገረቻትን የሱቁን ስፋት ብቻ ነው።

ሙሐረም ወንበር ላይ አስቀመጣት። በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አንድ ጥቁር ሣጥን ቆሟል፤ ሁለት ሌንሶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው ከፊቱ ያፈጣሉ። ከላይ ክዳኑን ከፈተና አንገቱን ደፍቶ ወደ ውስጥ ያይ ጀመር።

"እያነሳኸኝ ነው ወይስ የጠፋብህ ነገር አለ?" አለችው።

"እዚህ ውስጥ ነሽ" አለ፣ ቀና ሳይል።

"እስቲ ልይ።"

አክስት ካልቶማ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሙሐረም ማንሳት ጀመረ። አንድ አነሳት፤ ሁለት አነሳት፤ ጥቂት ጨመረና ቆመ።

"ሐጂ ይህን አይተው ልጄን ምን አደረጋችኋት ይሉኛል" አለ።

"ምን እንደምመስል ካላሳየኸኝ በምን ልወቅ?"

"አሁን አይታይም። እስኪታጠብ ይቆያል።"

"ታዲያ ይሄን ነው የምትወደው? ሰው ሁሉ እዚያው አንስቶ እዚያው በሚያይበት ዘመን?"

የጠየቀችው ልትነካካው ነበር። እሱ ግን ከምሩ አሰበበት።

"በስልክ የሚነሳ ሰው ራሱን እያየ ነው የሚነሳው። ገና ሳይነሳ ፊቱን ሠርቶ ጨርሷል። እዚህ የሚያየው ነገር የለም። ትንሽ ይቆይና ይሰለቸዋል፣ ሲሰለቸው ፊቱን ይረሳዋል። እኔ የምጠብቀው ያንን ነው።" ከዚያ እንደ ማፈር ብሎ "ደግሞ ድምፁን እወደዋለሁ" አለ።

"አሳየኝ አልኩህ።"

ሙሐረም አክስትን አየ። አክስት ካልቶማ ስልኳ ላይ ድምፅ እየቀዳች ለዘመድ ስለ ስኳር ዋጋ ስታወራ ስለነበር በእጇ "ቶሎ ጨርሱ" አለቻቸው። እሱ ሄዶ ከመጋረጃው ፊት፣ ዐፋፍ በነበረችበት ቦታ ቆመ። እሷ ከካሜራው ኋላ ሆና አቀረቀረች።

በሣጥኑ ውስጥ ባለው መስታወት ላይ መጀመሪያ ያየችው ብርሃን ነው። ከብርሃኑ መሐል አንድ ትንሽ ሙሐረም ቆሟል። ካሜራውን ወደ ግራ ስታዞረው እሱም ወደ ግራ ሸሸ፤ ወደ ቀኝ ስትመልሰው እሱም ወደ ቀኝ ሄደ። ሳቋ መጣና ዋጠችው። እንደምንም አባብላ መሐል ላይ አቆመችው።

ከዚያ ነው ነገሩ የገባት። አንገቷን እንደደፋች ነች። በባዕድ ወንድ ፊት አንዲት ጨዋ ልጅ እንደምትሆነው ሆናለች፤ እንዲያም ሆና እስክትጠግብ እያየችው ነው። ቅንድቡን አየችው፤ አገጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ አየቻት። አክስት ካልቶማ በመሐል ቀና ብላ የወንድሟን ልጅ እንዳቀረቀረች ስታያት፣ በአስተዳደጓ ኮርታ ወደ ስኳሩ ተመለሰች። አላህ ይቅር ይበላት፣ ዐፋፍ አልቸኮለችም።

እሱ ደግሞ እንደምታየው ረስቶታል። ስንቱን ሰው በዚያ መስታወት ውስጥ ያየ ሰው፣ ራሱ እዚያ መግባቱን ረሳው። ያቀረቀረ አናቷን፣ ግንባሯ ላይ የወረደውን የሻሿን ጫፍ ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ተማምኖ አያት። ፊቱ ላላ፣ ከንፈሩ ትንሽ ተከፈተ፣ ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። ዐፋፍን እንዲህ አድርጎ ያያት ሰው የለም። እጇ ራሱ ሄዶ ቁልፉን አገኘው።

ቀጭ አለ።

"ምን አደረግሽ?"

"ነካሁት መሰለኝ።"

"አነሳሽኝ።"

"በቃ አጥፋዋ" አለች፣ ማንኛችንም እንደምንለው።

ሙሐረም መጥቶ የካሜራውን የጎን እጀታ አዙሮ ፊልሙን አሳለፈ፣ እሷም ሄዳ ተቀመጠች፣ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙም ያንን የዋጠችውን ሳቅ መያዝ አቃታት። እሱም አነሳት። የኩርፊያዋ ነገር የት እንደገባ አልታወቀም።

ወደ ቤት ሲሄዱ አክስት ካልቶማ ስለ ሰሊም ሱቅ እንደ አዲስ ጀመረች። ዐፋፍ አልሰማቻትም። ደስ ብሏት ነበር፤ ለምን ደስ እንዳላት ለራሷም መናገር ስላልደፈረች ደግሞ ትንሽ ፈርታ ነበር።

* * *

ሐጂ መሐዲ ከብት ሊገዙ ኡራን ወርደው ነበር። አርብ ይመለሳሉ ተብሏል። ሐሙስ ጠዋት ሙሐረም ሱቋ መጣ።

"ሙሐረም፣ ሳዋ?" ብሎ ሰላም አለው ቦሩ፣ ደጃፉ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ።

"ሳዋ" ብሎት ገባና ጥቁር ጨርቅ እንድታወርድለት ጠየቀ። ወሬ ለቃቃሚ ከደጅ ተቀምጦ ሌላ ምን ይጠየቃል? ዐፋፍ ጣቃውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው፤ ሁለቱም በላዩ አጎነበሱ።

"ያ ፎቶ ወጥቷል" አላት ቀስ ብሎ።

"የቱ?"

"ያነሳሽኝ።"

"አጥፋው አላልኩህም?"

"አይጠፋም፣ ዐፋፍ። ይህ ስልክ አይደለም። አንዴ ብርሃን ካረፈበት አረፈበት ነው።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህ ነገር በሐሳቧም አልመጣም ነበር። የማይጠፋ ፎቶ እንዴት ያለ ነገር ነው? እሷ ያደገችው ነካ አድርጎ መመለስ በሚቻልበት ዓለም ነው።

"እንግዲያው ቁረጠው" አለች።

"ካንቺ ፎቶዎች መሐል ነው ያለው። ከቆረጥኩት ቁጥሩ ይጎድላል። ሐጂ የጎደለው ምን ነበር ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? የልጄን ፎቶ ሰርቆ አስቀረ ነው የሚሉት።"

"ግን እኮ አንተ ቆመህ ነው ያለኸው። ካሜራውን ሲሞክር ነው ብንል ምን አለበት?"

ሙሐረም ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ፤ የእሷን ሥራ ነው የሚሠራው።

"አንዴ ያየው ሰው ያውቃል" አለ።

"ምኑን ነው የሚያውቀው?"

ውጭ የቦሩ መኪና ዝም አለ።

"ምኑን?" አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። ልታውቅ ፈልጋ ነበር፤ በሕይወቷ ምንም ነገር እንዲህ ልታውቅ ፈልጋ አታውቅም።

"ወረቀቱ የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሆኖ ፊቴ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ማን እንደሆነ ለጊዜው አልለየሁትም። እንዲህ እንደማይሽ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር፣ ዐፋፍ። አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ።"

ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች። ደስ አላት። ተከትሎት ግን የአባቷ ፊት መጣ፤ ወረቀቱን ይዘው፣ መነፅራቸውን አድርገው። አንድም ቃል አይናገሩም፤ በሳምንቱ እሷ ናይሮቢ ናት፣ እሱም ዳግም የሰው በር አያንኳኳም።

"ቁረጠው" አለች። "ለእኔ ስትል ቁረጠው።"

"ሌላ የፈለግሽውን ነገር ጠይቂኝ።"

"ሌላ አልፈልግም።"

"አባትሽ ዓይኔን አይተው ነው አንቺን የላኩልኝ። ይህን ፊልም ቆርጬ ከሰጠኋቸው ከዚያ በኋላ ማን ሊያምነኝ ይገባል? አንቺስ ብትሆኚ እንዴት ታምኚኛለሽ?"

"እንግዲያው ደንብህን አግባ" አለችው።

ሙሐረም ቀና ብሎ አያት። ጨርቁን ሳይወስድ ወጣ። ዐፋፍ ጣቃውን መልሳ ጠቀለለችው። በመሐላቸው ብልጭ ያለ ነገር ያለ መስሏት ነበር፤ ለካ ሰውየው ከእሷ ይልቅ ያንን ጥቅል ፊልም ነው የሚወደው። ተናደደች፤ ስትናደድም ጭምር ፊቱ ከፊቷ አልሄድ ማለቱ ይበልጥ አናደዳት።

* * *

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሙሐረም ጫማውን ደጅ አውልቆ ሐጂ መሐዲ ሳሎን ገባ። ሐጂ ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፈዋል። አክስት ካልቶማ በጎናቸው አለች። ዐፋፍ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ የመጀመሪያዋ ነገር ወደ እጁ ማየት ነበር። አንድ ሙሉ ጥቅል ነው። አልቆረጠውም። የሻይ ትሪውን እንደያዘች ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

ሙሐረም ፊልሙን በሁለት እጁ አስረከበ። ከፊልሙ ጋር፣ ሐጂ የሚመርጡበት፣ ሥዕሎቹ ሁሉ በተራቸው በትንንሹ የታተሙበት አንድ ወረቀት ሰጣቸው። ሐጂ መነፅራቸውን አወጡ።

"እንይ እስቲ" አሉና ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አኖሩ። "ይቺ ኬላ ላይ የተያዘች ነው የምትመስለው። ይቺም ያው ናት። ካልቶማ፣ ቁርስ ሳታበያት ነው እንዴ የወሰድሻት?"

አክስት ሳቀች። ጣትየው ቀጠለ። ከዚያ ቆመ።

ሐጂ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ መልሰው አራቁት።

"ይሄ አንተ ነህ" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ ሐጂ።"

"በልጄ ፊልም ላይ ምን ትሠራለህ?"

"የእኔ ጥፋት ነው። ካሜራው ያለ ሰው በራሱ የሚያነሳበት ቁልፍ አለው። እሱን ስሞክር ነው።"

ዐፋፍ ቀና አለች። ዋሸ። ፊልም አልቆርጥም ብሎ አሻፈረኝ ያለው ሰው፣ ትናንት ለእሷ ብሎ አንድ ሥዕል ያልቆረጠ ሰው፣ እዚህ አባቷ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ጥፋቷን በራሱ ላይ ጭኖ ለእሷ ሲል እየዋሸ ነው። ያደራ ነገር ሲሆን ለማንም የማይታጠፈው፣ የራሱ ጉዳት ሲሆን ለእሷ ይታጠፋል። እንዴት ሳይገባት ቀረ? በራሷ አፈረች፤ ከማፈሯ ጋር ደግሞ እወደዋለሁ የሚለው ቃል ያለ ምንም ፍርሃት በውስጧ ተነገረ።

"እኔ የከብት ነጋዴ ነኝ" አሉ ሐጂ፣ ረጋ ብለው። "ከበሬው ጥርሱን አያለሁ፤ ከሻጩ ግን ዓይኑን ነው የማየው። ይሄ ቁልፍ የሚሞክር ሰው ዓይን አይደለም። ከካሜራው በላይ ሰው ቆሟል፤ ሰው ነው የምታየው። ማንን ነው?"

"እኔን ነው፣ አባ" አለች ዐፋፍ። ትሪውን አስቀመጠች። "ቁልፍም አልሞከረም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።"

"ሱብሃነላህ" አለች አክስት ካልቶማ። "እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ። አቀርቅራ ነው የነበረችው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"አቀርቅሬ ነው ያየሁት፣ አክስቴ።"

ሐጂ ልጃቸውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። ጣታቸው አንድ ቦታ ሄዶ አጠገቡ ካለችው ሥዕል ላይ ዐረፈ። እሷ ናት፤ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል፣ ጥርሷን ለመደበቅ ሳታስብ። አንዴ የእሱን ያያሉ፣ አንዴ የእሷን። በመሐላቸው ያለው አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ነው።

"እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስትስቂ አላየሁሽም" አሉ።

አክስት ካልቶማ ነገሩን ልታበርድ ብላ "ታዲያ እሷዋ ለሰሊም ትላክለታ፣ ወንድሜ። ከሁሉም ያማረችው እሷው ናት" አለች።

"እሷን ብልክለት ማታለል ነው" አሉ ሐጂ። "ይሄ ሳቅ ለሱ የተሳቀ አይደለም። የቀሩትን ብልክ ደግሞ ስድብ ነው።" መነፅራቸውን አወለቁ። "ለናይሮቢ የሚሄድ ፎቶ የለም።"

ከሩቅ ወደ ማርሳቢት የሚወርድ ሎሪ ሲያጓራ ተሰማ።

"ቁረጠው አላለችህም?" አሉ ሐጂ ወደ ሙሐረም ዞረው።

ሙሐረም ምንጣፉን አየ።

"ገባኝ። ቆርጠኸው ብትመጣ ኖሮ፣ ቁጥሩ መጉደሉን አይቼ፣ ከዚህ በር አስወጥቼህ፣ ማታ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አድር ነበር። አሁን እንዴት አድርጌ ነው የምተኛው?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐጂ።"

"ቤት የለህም። የምትሠራው ሥራ ሰው የተወውን ሥራ ነው። አባትህን አውቃቸው ነበር፤ ደግ ሰው ነበሩ፣ ግን ምንም ሳይተዉልህ ሄዱ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አልረሳሁትም።" ትንፋሽ ወሰዱ። "እሺም አላልኩህም። ግን አንድ ሰው ብቻውን መጥቶ ልጄን እንዲህ እያያት ዝም ብዬ አልቀመጥም። እንዲህ የሚያይ ሰው ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ከዚያ እንነጋገራለን። አሁን ሂድ።"

ሙሐረም ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ዐፋፍን አያት፤ እሷም በመስታወት ሳይሆን፣ አንገቷን ሳትደፋ፣ አባቷ ፊት ቆማ አየችው። ፈርታ ነበር፤ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። እሱ ነው ቀድሞ ተደናብሮ የወጣው።

ሐጂ በመስኮቱ በኩል ግቢውን አቋርጦ ሲሄድ በዓይናቸው ተከተሉት። ድንገት አንገታቸውን አሰገጉ።

"ጫማዬን አድርጎ ሄደ" አሉ።

ዐፋፍ በሩ ላይ ሄዳ አየች። እውነትም የሙሐረም የተበላሸ ሰንደል ጫማ ደጃፉ ላይ ቀርቷል።

"ይመልሰዋል፣ አባ" አለች።

"አውቃለሁ" አሉ ሐጂ መሐዲ። "የቸገረኝ እሱ ነው።"

ዕንባዋ መጣ። አልደበቀችውም።